የእናቴ ጨው በሰው አፍ

ደቡብ ኦሞ፣ አልዱባ ገበያ ላይ ጊደር ሰጥታ ጨው የገዛች ሴት እናቴ ብቻ ናት። ከእሷ በፊትም አልነበረችም፣ ከእሷ በኋላም አልመጣችም። ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው፤ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ ከጎፋ በኩል ለሥራ ወርደው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ አናጺ ነበር፤ እናቴ በገበያ ቀን ጨው፣ የቡና ገለባና ጨሌ ዘርግታ ለቤናና ለሐመር ሰዎች ትቸረችራለች።

በዚያ ሰሞን ወታደሩ እየሸሸ ነው፣ መንገድ ተቆርጧል፣ ድልድይ ተሰብሯል የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። አንድ ከጂንካ መጣሁ ባይ «ከእንግዲህ ጨው የሚባል ነገር ወደዚህ አገር አይደርስም» አለ። ማን እንደነገረው የጠየቀው የለም። እናቴ ቤት ገብታ ያለችንን አንዲት ጊደር፣ ልትወልድ የተቃረበችዋን፣ እየጎተተች ወጣች። ጨው አከማችቶ ለነበረ ነጋዴ አስረክባ ጆንያ ጨው አሸክማ ተመለሰች። ጨው ሲጠፋ ቸርችራ ላሞች ልትገዛበት ነበር ሐሳቧ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ጨው ጭኖ ከች አለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የቤታችን ወለል አፈር ስለነበር ጨዉ ከጆንያው ሥር እየቀለጠ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ይፈስ ጀመር። የጎረቤት ፍየሎች እየመጡ ደጃፋችንን ይልሱ ነበር።

ገበያተኛው ለዓመታት ሳቀባት። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ነጋዴ ሴት ሳቅ ካልቻለች ገበያ አትውልም።

ከዚህ ታሪክ ጎን ሌላ ነገር አለ። በዚያው ዝናብ ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ጡት ጥሎ የጊደሯን ወተት የሚጠብቅ ከሲታ ልጅ ነበር፤ ወባ ያዘችውና አቅም አጥቶ ሄደ። አልዱባ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ የጊደሯንም ነገር ያውቃል፣ የልጁንም ያውቃል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የተናገረ ግን አልነበረም። እናቴ ራሷ ለእኔ ያወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም አባቴ ከሞተ በኋላ። «ወተቱ ቢኖር ወባዋን ይችላት ነበር» አለችኝ። ይህን ብላ ተነሳችና ወጡን ልታማስል ሄደች።

ጂንካ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ገባሁ። ተማሪው ከየአገሩ የተመደበ ነው፤ ከወሎ የመጣው ከኦሞራቴ ከመጣው ጎን ይቀመጣል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያትት ኮርስ ይወስዳል፤ ኮምፒውተር ክፍል ሲገባ ግን ማውሱን እንደ እርጥብ ሳሙና ነው የሚይዘው። ስልክ የሌለው ጥቂት ነው። ስልኩ ላይ ያየውን ደግሞ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ያምነዋል። የኦሞ ወንዝን ካርታ አምጡ ስላቸው የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ወንዝ ሥዕል ያመጡልኛል። «ከየት አገኛችሁት?» ስል «ከስልክ» ይሉኛል። ከስልክ! ከገበያ አመጣሁት እንደማለት ነው፤ ከማን መደብ እንደሆነ አይነገርም።

አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። «ትምህርት ተቋርጧል፣ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ይሂድ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲዞር አድሮ ተማሪዎቼ ሻንጣቸውን እየያዙ መናኸሪያ ወርደዋል። በባጃጅ ተከተልኳቸው። ፍራሹን ሳይቀር ጠቅልሎ የያዘ ነበር።

«ማነው የላከው?» አልኩ።

«ሁሉም ሰው ልኮታል፣ መምህርት» አሉኝ።

እዚያው መናኸሪያው መሃል ቆሜ የእናቴ ጆንያ ታየኝ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ አንዳንዶቹን በሻንጣቸው እየጎተትኩ መለስኳቸው። ሁለት ልጆች ግን አውቶቡስ ላይ ስለነበሩ አመለጡኝ፤ አገራቸው ደርሰው ወሬው ሐሰት መሆኑን ሲሰሙ በሳምንቱ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ዲጂታል ክህሎት የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ ኮርስ እስኪመጣለት አልጠበቅኩም። በገዛ ትምህርቴ ውስጥ አስገባሁት። ስለ ዝናብ ስንማር የዝናቡን ልክ ማን እንደለካውና መቼ እንደለካው ፈልገው ይመጣሉ። ካርታ ሲያቀርቡ የካርታውን ባለቤት ይናገራሉ። ከየት እንዳመጣው ያልተናገረ ማርክ የለውም፤ ሥራው ወርቅ ቢሆንም የለውም። መጀመሪያ ላይ ክፉ ሴት ናት አሉኝ። ይበሉ አልኩ።

ግን መግቢያ የሚሆነኝ፣ የሚያስደነግጣቸው ነገር ያስፈልገኝ ነበር። በገበያ ቀን አልዱባ ሄድኩና እናቴን አስፈቀድኳት።

«የጨውሽን ነገር ለተማሪዎቼ ልንገራቸው?»

ሳቀች። «ንገሪ። የገበያ ሰው ስቆብኝ ጠግቧል፣ ተማሪም ይሳቅ እንጂ።» ጨሌ የምትደረድርበትን ክር ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቋጠረችና፣ ቀና ሳትል፣ «የልጁን ግን አታንሺ» አለች።

«አላነሳም።»

«እሱ የእኔ ነው።»

ለተማሪዎቼ የጨዉን ብቻ ነገርኳቸው። ፍየሎቹ ደጃፋችንን ሲልሱ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቃቸው ሲበርድ «እናቴ ያን ቀን ምን ብላ መጠየቅ ነበረባት?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማስተማር አላስፈለገኝም፤ እነሱ አስተማሩኝ። ማን ነገረህ፣ በዓይንህ አይተሃል ወይ፣ ጨው የሚሸጠው አንተ ነህ ወይ እያሉ ጥያቄውን ደረደሩት። አንዱ የኦሞራቴ ልጅ፣ ወንዙ ሊሞላ ነው ተብሎ መንደሩ በሙሉ ከብቱን ነድቶ ደረቅ ሜዳ ላይ ሲጠማ ውሎ እንደተመለሰ ነገረን። ከሰሜን የመጣችው ደግሞ ስለ አጎቷ ሠርግ አንድ ወሬ አወራችን፤ ወሬው እዚህ አይጻፍም። ሁሉም ቤት አንድ ጆንያ ጨው አለ። የማስተምረው ነገር ከእናቴ ቤት ተነስቶ እንደዚያ በሰው ልብ ሲገባ ሳይ ኩራት ተሰማኝ፤ አልደብቅም።

ባልደረባዬን እዚህ ላይ ላምጣው። ከመሃል አገር የተመደበ፣ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ የሚጋራ፣ የኮምፒውተር መምህር ነበር። ጂንካ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ታይፎይድ የያዘው ጊዜ አጥሚት እየሠራሁ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። «እህት ዓለም» ይለኛል፣ «ወንድም ዓለም» እለዋለሁ። ተጫዋች ነው፤ ስብሰባ ላይ የኃላፊዎቹን አነጋገር በጆሮዬ እየደገመ ሳቄን ማፈኛ ያሳጣኝ ነበር። ለፋሲካ አልዱባ ይዤው ሄድኩ። እናቴ ሰው ሲበላላት ነፍሷ ነው። አጎረሰችው፣ ደገመችው፣ «ልጄ» አለችው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር «ያ ቀጭኑ ልጅ ደህና ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ከዚያው ፋሲካ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የጠየቀኝ። «እማማ ስለ ጨዉ ሲወራ ይስቃሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ይለወጣል። ለምንድን ነው?» አለኝ። ሰው የሚያይ ዓይን ነበረው። ነገርኩት። ለጓደኛ ነው የነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እጄን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ። ያ እንባ የውሸት ነበር አልልም። እንባው እውነት ሆኖ ያንን ማድረጉ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ትምህርቱን በድምፅ የመቅዳቱ ነገር የሁለታችን ሐሳብ ነው። ተማሪው የኢንተርኔት ጥቅል እንደልቡ አይገዛም፤ ቢገዛም ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። ጂንካ መናኸሪያው አጠገብ ግን ሚሞሪ የሚሞላ ቤት አለ። የከተማውም የገጠሩም ሰው የስልኩን ሚሞሪ አውልቆ ይወስዳል፣ ባለቤቱ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ፊልም ጭኖ ይመልስለታል። እኛም ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ በስልክ ቀድተን ለዚህ ሰው ለመስጠት አሰብን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እንዳይመታብን ሰማዩን እያየን፣ ቢሮ ዘግተን፣ አንዳችን ስንናገር ሌላችን ትንፋሽ ይዘን እንቀዳለን። አንድ ጊዜ እሱን አስነጠሰው፤ ሳቃችን ሁሉ ተቀድቶ ስለቀረ እንደገና ጀመርን።

የሚሞሪ ቤቱ ሰውዬ ደግ ነው። «እምቢ አልልም መምህርት፣ መዝሙሩ መሃል እከተዋለሁ» አለኝ። እንዳለውም መዝሙሩ መሃል ከተተው። ለተማሪ ብቻ ለይቶ መጫን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለውን ሁሉ ለሁሉም ነው የሚያፈስሰው። በዚህ አሠራሩ ትምህርታችን ዩኒቨርሲቲ ያልረገጠ ሰው ስልክ ውስጥ ሁሉ ገባ። አንድ የሐመር ጎረምሳ ድምፅ ማጉያ በትከሻው አንጠልጥሎ ገበያ ውስጥ መዝሙር ሲያሰማ፣ በሁለት መዝሙር መካከል የእኔ ድምፅ «የካርታውን ባለቤት ጠይቁ» ብሎ ወጣ ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ስንት ቀን በዚህ እንደሳቅን!

ከዚያ ስብሰባው መጣ። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ እንግዶች ባሉበት፣ ዲጂታል ክህሎትን ከማስተማር ጋር ስለማዋሃድ ልምድ የሚቀርብበት ቀን ነበር። ጥሩ ልምድ ያቀረበ መምህር ሥራውን ወደ ሌሎች ቦታዎች እየዞረ የሚያስፋፋ አስተባባሪ ይሆናል ተባለ። ጽሑፉን አብረን አዘጋጀን። የክፍሉን ሥራና የጨዉን ታሪክ እኔ፣ የሚሞሪውን አሠራር እሱ ልናቀርብ ተስማማን። በዋዜማው «ሰዓቱ ጠቧል ብለዋል። እኔ ጠዋት የሚሞሪውን ባጭሩ ልናገርና ዋናውን አንቺ ከሰዓት ታቀርቢያለሽ» አለኝ። አመንኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል አገሬው፤ እኔ ፈረስ ላይ መሆኔንም አላወቅኩም ነበር።

ጠዋት ከፊት ወንበር ተቀመጥኩለት፤ እንዳይደነግጥ ብዬ። ወደ መድረኩ ወጣ፣ ማይኩን ዝቅ አደረገ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «እናቴ ነጋዴ ነበረች» አለ።

እናቱ ነጋዴ አይደለችም። በአንድ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ እሁድ እሁድ ስትደውልለት ከጎኑ ካለሁ ስልኩን ስጣት ብላ ሰላም ትለኛለች። ቀልድ ሊጀምር መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ቀጠለ። ወሬው፣ ጊደሯ፣ ጆንያው፣ ዝናቡ። ፍየሎቹ ደጃፉን ሲልሱ አዳራሹ ልክ እንደ ተማሪዎቼ ሳቀ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ይህንንም ከእኔ ነው የተማረው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «በዚያው ዝናብ ታናሽ ወንድሜ ሞተ» አለ።

እኔ ፈገግታዬን ገና ከፊቴ አላነሳሁም ነበር።

«ወተቱ ቢኖር ወባዋን ይችላት ነበር ትለኝ ነበር እናቴ» አለ። ቃሉ የእናቴ ነው፤ አንድ አልጨመረበትም፣ አንድ አልቀነሰበትም። «ስለዚህ ክቡራትና ክቡራን፣ የተሳሳተ መረጃ ሰው ይገድላል» ብሎ ወደ ሚሞሪው ተሻገረ። ከጎኔ የተቀመጠች እንግዳ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። «ምስኪን፣ እንዲህ ያለ ነገር አሳልፎ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

መነሳት እችል ነበር። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተነስቼ ጮኼያለሁ መሰላችሁ! «ይህች የእሱ እናት አይደለችም፣ የእኔ ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እንደዚያ ካልኩ የሞተውም ልጅ የእኔ ወንድም ነው ማለት ነው። አታንሺው የተባልኩትን ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሴ አንስቼው፣ እናቴን ከጎኑ ላቆማት ነው። ዝም ካልኩ የማትታወቅ አንዲት ሴት ሆና ትቀራለች፤ ከተናገርኩ አልዱባ ገበያ የምትቀመጠዋ እናቴ ትሆናለች። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ። ያንን ጭብጨባ እስክሞት አልረሳውም።

የከሰዓቱ ፕሮግራም ወደ ጉብኝት ተለወጠ፤ እንግዶቹ ገበያ ማየት ፈለጉ ተባለ። ጓደኛዬን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ውኃ ጋኑ ጋ አገኘሁት።

«እናትህ ማናት?» አልኩት።

«እህት ዓለም፣ በናትሽ አትቆጪ። አፌ ላይ መጣልኝ።»

«ወንድሜን አፍህ ላይ መጣልህ?»

«ስም ጠራሁ እንዴ? አልዱባ አልኩ?» ትከሻዬን ሊነካ እጁን ሰነዘረ፤ ሸሸሁ። «እንደውም በአንቺ አፍ ቢነገር እማማ ይጋለጡ ነበር። የእኔ ናት ብዬ ሸፈንኩላችሁ እንጂ ምን በደልኩ? ዋናው ትምህርቱ ነው፤ መልእክቱ ይድረስ እንጂ በማን አፍ ደረሰ ምን ለውጥ አለው?»

ምን ለውጥ አለው! ተማሪዎቼን ዓመት ሙሉ ከየት አመጣችሁት ስል ከጎኔ ተቀምጦ ማርክ አብሮኝ የሞላ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ የወጣኝ ግን አንድ ነው። «እናቴ አጉርሳሃለች» አልኩት። እሱ መሬት መሬት አየ፤ እንግዶቹ ሲጠሩት «መጣሁ!» ብሎ ሄደ።

አስተባባሪ ሆነና ከጂንካ ተነሳ። ለእኔ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ደረሰኝ፤ ስሜን አሳስተው ነው የጻፉት። ቢሮው ሰፋኝ። አንዳንድ ቀን ሳቁን እየናፈቅኩ ራሴን ስይዘው ደግሞ በራሴ እበግናለሁ። ጠላት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ድምፁን ከፍ አደረገና «ይህንን ስሚ መምህርት፣ የሚያስለቅስ ነገር ነው» አለኝ። መዝሙሩ አለቀ፤ ቀጥሎ «እናቴ ነጋዴ ነበረች» የሚለው ድምፅ ባጃጁን ሞላው። የአዳራሹ ንግግር ተቀድቶ ኖሯል። ጓደኛዬ ከመሄዱ በፊት ለሚሞሪ ቤቱ ሰውዬ «ይህንንም ጨምርበት» ብሎ ሰጥቶታል። ወረድኩና በእግሬ እየሮጥኩ መናኸሪያ ሄድኩ።

«አጥፋው» አልኩት ሰውዬውን። «አሁኑኑ አጥፋው።»

ሳይጠይቀኝ ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ከዚያ በሐዘን አየኝ። «መምህርት፣ የጨዉ ሴትዮ ታሪክ እኮ በጣም ተፈልጓል። ሰዉ ስሙን እየጠራ ነው የሚያስጭነው። ከእኔ ወስዶ ሌላውም ይጭናል። የትኛው ስልክ ላይ እንደሄደ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይህንን ለተማሪ ሳስረዳ ኖሬ ለራሴ ሲደርስ ጊዜ አፋፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሳትሰማው እናቴ ጋ መድረስ። በማግስቱ ክፍል ሰርዤ አልዱባ ሄድኩ።

ቤቷ ስደርስ ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት አግዳሚ ወንበር ደጅ ተደርድሮ አየሁ። ሰው የሞተ መሰለኝ። እናቴ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ሳመችኝ። ምንም ሳልላት «ሰምቻለሁ» አለችኝ።

የሰማችው በሴቶች ጸሎት ቀን ነው፤ ተራው የእሷ ቤት ነበር። ሴቶቹ እስኪሰበሰቡ አንዷ ስልኳን ከፍታ መዝሙር ታሰማቸዋለች። «ከመዝሙሩ መሃል ወጣ» አለች እናቴ። «በድምፁ አወቅኩት፤ የፋሲካው ልጅ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ያ ቀጭኑ ልጅ ነው፣ ቤቴ መጥቶ ነበር አልኳቸው። ዝም በሉ፣ እንስማው አልኳቸው።»

«እማዬ...»

«ስም አልጠራም። ግን አልዱባ ላይ ጊደር ሰጥታ ጨው የገዛች ማናት? ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቀጥሎ ልጁን አነሳው።» እጇን ጉልበቷ ላይ አሻሸች። «እናቴ አለኝ። ስላጎረስኩት ነው?»

በበሩ በኩል የተደረደረውን ወንበር አየሁ።

«በነጋው ለቅሶ መጡ» አለች። «ልጄ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ያን ጊዜ አልቅሰውልኛል እኮ። አሁን ደግሞ እንደ አዲስ ተቀመጡ፣ ቡና ቆሉ፣ አለቀሱ። አንዷ እጄን ይዛ ‹እኛ እኮ ወባ መስሎን ነበር› አለችኝ።»

ወባ መስሎን ነበር። ሴትዮዋ ክፋት አስባ አይደለም፤ ለቅሶ ደርሳ፣ አዝና ነው ያለችው። እናቴ ግን ወባም ነው፣ ወተቱም ነው፣ እግዚአብሔርም ያውቃል እያለች በሆዷ ሲያከራክራት የኖረውን ነገር የአልዱባ ሴቶች በአንድ ቀን ፈርደውባት ሄዱ።

«ለእሱ ማን ነገረው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነበር፤ ለጓደኛ ነው የነገርኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወንበሮቹን መመለስ እንዳለባት ትዝ አላትና አብረን ተሸክመን መለስናቸው። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል፤ እሷም «አሜን» ትላለች። ለእኔም «ያጽናሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

አሁንም አስተምራለሁ። ከየት እንዳመጣው ያልተናገረ አሁንም ማርክ የለውም። የጨዉን ታሪክ ግን አልናገርም፤ ተማሪዎቹም አዲስ አይሆንባቸውም። ባለፈው አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህርት፣ እናቴ ጊደር ሰጥታ ጨው ገዛች የሚለውን መምህር ታሪክ ሰምተውታል? በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው» አለችኝ። «ሰምቼዋለሁ» አልኳት። ምንጩን ጠቅሳ ስለተናገረች ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኳት። እሱን ግን ይቅር አላልኩትም። ለበዓል ሲደውል አላነሳም፤ መልእክቱንም ሳላነብ አጠፋዋለሁ። ሰዎች «ትንሽ ነገር ነው፣ ታረቁ» ይሉኛል። ትንሽ የሚሏት እናቴን ነው።

አልዱባ ስሄድ እናቴ ከበሩ ሳልገባ «ስልክሽን» ትለኛለች። ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነው የምገባው። አጥፍቼዋለሁ ብላትም አትሰማኝም። ሰው እንዳይወስደው በበሩ በኩል እያየሁት እናወራለን፤ ስለ ገለባ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ። ታወራለች፣ ትስቃለች፤ ያለፈ ነገር ግን ከአፏ አይወጣም።

በቀደም ዕለት አላስቻለኝም። የወንድሜን መልክ መርሳት ጀምሬአለሁ፤ ሳላውቀው ከነመልኩ ሊያመልጠኝ ነው። ከእሷ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጨሌዋን እየሰካች ሳለ ቀስ ብዬ «እማዬ፣ ወንድሜ ማንን ነበር የሚመስለው?» አልኳት።

መጀመሪያ ደጅ ያለውን ስልክ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የምን ወንድም?» አለችኝ።

አንድ ወንድም ብቻ ነበረኝ።